«የሚኖሩ» የምትል ቃል

(በረመዳን ወር ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሙስሊም ላልሆናችሁም እንደምን ዋላችሁ። እናንተን «እንግዶቻችን» ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ አፌ ላይ ሲደርስ መለስኩት። የዛሬው ንግግሬ ስለ እንግድነት ነውና ገና ከመግቢያው ሰው እንግዳ ማድረግ አልፈለግኩም።

የተሰጠኝ ርዕስ ሰፊ ነው። እስልምና በፖለቲካ፣ በማኅበረሰብና በየዕለቱ ኑሮ ውስጥ ስላለው ቦታ ተናገሪ ተብያለሁ። ርዕሱን ይዤ ካይሮም፣ አንካራም፣ ቴህራንም መሄድ እችል ነበር። ነገር ግን ሥራዬ ጥብቅና ነው፤ የማውቀው የአገሬን ሕግና የአገሬን ሰው ጉዳይ ነው። ስለዚህ የምናገረው ስለ ኢትዮጵያ ሙስሊሞች ነው፤ እሱንም በአንዲት ቃል በኩል።

አባቴ ደሴ ሸዋ በር ጨርቅ ይነግድ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ባለሥልጣኑም ጋዜጣውም ስለ እኛ ሲያነሱ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ይሉ ነበር። አባቴ ይህን ሲያስታውስ አይቆጣም፣ ድምፁንም ከፍ አያደርግም ነበር። «የሚኖር እኮ ተከራይ ነው» ይል ነበር፤ «ባለቤቱንማ የቤቱ ሰው ነው የሚሉት።» ልጅ ሆኜ ስሰማው የሽማግሌ ቃል ስንጠቃ ይመስለኝ ነበር። የሕግ ትምህርት ቤት ገብቼ አንድ ቃል በአንድ አንቀጽ ውስጥ ምን ያህል ሰው ደጅ እንደሚያስቀር ሳይ ነው አባቴ የተናገረው የገባኝ።

ቃሏ ብቻዋን አልመጣችም። ከኋላዋ «ሰማይ ዓምድ የለውም፣ እስላም አገር የለውም» የሚል ተረት ነበረ። ከተረቱ ኋላ ደግሞ መሬት ነበረ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ፤ ሰፈራቸው አዲስ ዓለም ተባለ። በሰሜኑ አገር ሙስሊም ርስት ስለማያገኝ ኑሮው በንግድና በሽመና ላይ ቆመ። ከዚህ የተነሣ በጎጃምና በጎንደር «ነጋዴ» ማለት ለብዙ ዘመን ሙስሊም ማለት ሆኖ ቆየ። መሬት ተከልክሎ የያዘው ሥራ መጠሪያው ሆነ፤ መጠሪያው ደግሞ «ተጓዥ ነው፣ አገር የለውም» ለማለት መልሶ ማስረጃ ሆነ። አያችሁት አዙሪቱን?

የእኔ አገር ወሎ ደግሞ በ1870 የቦሩ ሜዳን ጉባኤ አየች። አፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎን ሙስሊም ተጠመቅ አሉት። የጁምላውን ጥምቀት አልቀበልም ብለው የተነሡት ሸኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ትግላቸው እስከ ዛሬ ይወሳል። ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ሆኖ የኖረም ሰው ብዙ ነበር። ወሎ ዛሬ አንድ ቤት ውስጥ መሐመድና ገብረማርያም አብረው የሚያድጉባት፣ ሠርግ ሲሆን ለሁለቱም ወገን ለየብቻ የሚታረድባት፣ በቅሬው ሁሉም ተጠራርቶ የሚቀብርባት አገር መሆኗን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በዚህ እንኮራለን፣ እኔም እኮራለሁ። ግን ይህ መቻቻል ከሰማይ የወረደ ጸባይ አይደለም። እንዲህ ያለ ቁስል የቀመሰ ሕዝብ ዳግም ላለመተራረድ ተጠንቅቆ የሠራው ሥራ ነው። ጸባይ ነው ያልን ጊዜ መጠበቁን እንተወዋለን፤ ይህ ያስፈራኛል።

ወደ ሕጉ ልመለስ። «ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» የሚለውን አባባል የማያውቅ የለም። ይህ እየተባለ በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ብሎ ደነገገ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 398 ለቤተ ክርስቲያኗ የሕግ ሰውነት ሰጠና ሌሎቹን ሃይማኖቶች «ልዩ ሕግ ይወጣላቸዋል» ብሎ አለፈ። ይህችን 1952 የምትል ዓመት ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው አደባባይ ወጣ። ሙስሊሙ ብቻ አልነበረም፤ ብዙ ክርስቲያን ተማሪና ሠራተኛ አብሮ ወጥቷል። የተጠየቀው ሃይማኖትና መንግሥት ይለዩ፣ በዓላችን በዓል ይሁን፣ መሬት ይኑረን፣ በመንግሥት ሥራ እኩል እንታይ የሚል ነበር። ከእነዚህ ጋር አንዲት የቃል ጥያቄ ነበረች፦ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ» አትበሉን፣ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» በሉን። አባቴ ያን ሰሞን ሸቀጥ ሊያመጣ መርካቶ ወርዶ ነበርና ሳያስበው ሰልፍ ውስጥ ገባ። የመሬቱን ጥያቄ ሰው ሁሉ ጮኾ አስተጋባ፣ እሱ ግን የሰማው ያችን አንዲት ቃል ብቻ እንደነበር ደጋግሞ ነግሮኛል። ብዙም ሳይቆይ ደርግ መጣ፤ ኢድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓል ሆኑ፣ መሬት ለአራሹ ታወጀ። ደርግ ያው ደርግ ነው፣ ያደረሰውን ሁሉ እናውቃለን፤ ግን በዚያች ዓመት በዓሌ ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ ገባ ያለ አባት ያሳደገኝ ነኝና ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

አሁን አንዳንዶቻችሁን ቅር ሊያሰኝ የሚችል ነገር ልናገር። ስለ ነጃሺ ነው።

ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ በመካ መከራ የበዛባቸውን ተከታዮቻቸውን ነቢዩ ሙሐመድ ሰለላሁ ዓለይሂ ወሰለም ወደ ሐበሻ ላኳቸው፤ በእርሱ ዘንድ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ አለና። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ በንጉሡ ፊት ቆሞ ከሱረቱ መርየም ቀራ፣ ንጉሡም አለቀሰ፣ ስደተኞቹን ለቁረይሽ መልእክተኞች አሳልፎ አልሰጠም። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው እስከ እንባ ነው። በየኢፍጧሩ ባለሥልጣን ሲነሣም ይህንኑ ይናገራል፣ የእኛም ሰው ሲመልስ ይህንኑ ይናገራል። ሁለታችንም ደስ ብሎን እንለያያለን።

ግን እስቲ አስቡት። በዚህ ታሪክ ውስጥ አስተናጋጅና እንግዳ አለ። ክርስቲያኑ ንጉሥ አስተናጋጅ፣ ሙስሊሙ እንግዳ ነው። ዛሬም «ነጃሺ ተቀብሎናል» ብለን የመብት ንግግር ስንጀምር ራሳችንን በጃዕፈር ቦታ እያቆምን ነው። ጃዕፈር ግን ተመልሷል! በሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ኸይበር በተከፈተች ጊዜ መዲና ገባ፣ ነቢዩም አቅፈው ሳሙት። እኛ ከየትም አልመጣንም፣ የምንመለስበትም የለንም። የሐረር፣ የአርጎባ፣ የአፋር፣ የሶማሌ፣ የባሌ፣ የጅማ፣ የስልጤ፣ የወሎ ሙስሊም እዚሁ ምድር ላይ፣ በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ሸኽ እጅ የሰለመ ሰው ልጅ ነው። በባሌው የድሬ ሸኽ ሁሴን መካነ መቃብር ተሰብስቦ የሚዘይረው ሰው እንግዳ አይደለም። በወሎ ሐድራ ውስጥ በአማርኛ መንዙማ የሚያንጎራጉረው ሰው ከማንም የተቀበለው መጠለያ የለም። ቁርአን በአማርኛ ተተርጉሞ በ1961 ሲታተም አማርኛ አዲስ እንግዳ አልተቀበለም፤ የቤቱ ልጅ በቤቱ ቋንቋ አነበበ።

ስለዚህ ከነጃሺ ታሪክ የምወስደው መስተንግዶውን አይደለም፣ ፍትሑን ነው። ንጉሡ ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ፈረደ። ዜጋ የሚፈልገው ያንን ነው። መስተንግዶ ባለቤቱ ሲከፋው ይቋረጣል፤ ፍርድ አይቋረጥም።

ቃሏ ከአዋጁ ወጣች እንበል። ከመስኮትስ? የባንክ መስኮት ማለቴ ነው። ስለ እስልምናና ፖለቲካ ሲወራ ማንም የማያነሣው፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ማስተማሪያ የሆነው የባንኩ ጉዳይ ነው።

ወለድ፣ ሪባ፣ በቁርአን በግልጽ የተከለከለ ነው። አባቴ ገንዘቡን የሚያኖረው በሱቁ ውስጥ፣ በጨርቅ ጥቅል መሐል ነበር። ሌባም እሳትም የሚያሰጋው ገንዘብ ነው። ዘመድ መክሮት ባንክ ሲከፍት «ወለዱን አልፈልግም» ብሎ አስጻፈ፤ ባንኩ በገንዘቡ ነገደበት፣ እሱ ምንም አላገኘበትም። ብድር ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፤ ንግዱ በእጁ ካለው ሳንቲም አልፎ ሊያድግ አልቻለም። በኋላ ኮንዶሚኒየም ሲመጣ፣ ቤቱ በባንክ ብድር በወለድ የሚከፈል ነውና፣ ስንት ሙስሊም ቤተሰብ ዕጣ ወጥቶለት እያለ ሌሊቱን ሲጨነቅ አደረ። «ቤት ልግባ ወይስ ከአላህ ጋር ልጣላ» የሚል ሰው ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ጠይቆኛል። ሕግ እንጂ ፈትዋ መስጠት ሥራዬ አይደለም፤ ቡና አስፈልቼለት አብሬው ተከዝኩ።

ይህ ጉዳይ ፖለቲካ ነው ወይስ ኢባዳ፣ አምልኮ? ሁለቱንም ነው፤ አይነጠልም። ከወለድ ነፃ ባንክ ለማቋቋም ሰዎች ተነሥተው ዘምዘም በሚል ስም አክሲዮን መሸጥ ጀምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ግን አገልግሎቱን በመደበኛ ባንኮች ውስጥ በመስኮት ብቻ ፈቀደ፤ ሙሉ ባንክ የማቋቋሙ ጥረት ተቋረጠ። በአገሪቱ የገንዘብ ሥርዓት ውስጥም የአንድ መስኮት ያህል ቦታ ተሰጠን ማለት ነው፤ አሁንም የሚኖሩ። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት ሙሉ ባንክ እንደሚፈቅድ አስታወቀ፤ መመሪያውም በዚያው ዓመት ወጣ። ዘምዘም ባንክ በ2013 ሥራ ጀመረ፣ ሂጅራም ተከተለ፣ ሌሎችም መጡ።

አሠራሩን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ሙራባሃ የሚባለውን ብንወስድ፣ ባንኩ ብር አያበድርም። የምትፈልገውን ዕቃ፣ መኪናም ይሁን ማሽን፣ ራሱ ገዝቶ ትርፉን ከፊት ነግሮ በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ ይሸጥልሃል። ሙዷረባ ደግሞ ገንዘብ የአንዱ፣ ሥራ የሌላው ሆኖ ትርፍ በስምምነት የሚካፈልበት ነው፤ ኪሣራ ከመጣ ገንዘቡ የባለገንዘቡ፣ ድካሙ የሠሪው ይከስራል። «ያው ወለድ ነው፣ ስሙ ተቀየረ እንጂ» የሚል ትችት አለ፤ ከሙስሊሙም ወገን አለ። በአንዳንድ ውል ላይ ትችቱ እውነት እንዳለው በሥራዬ አይቻለሁና ባንኮቹ ይህን ከልባቸው እንዲሰሙት እፈልጋለሁ። ሸሪዓ አማካሪ ቦርድ አለን ማለት ብቻውን አይበቃም። ሙስሊሙ ነጋዴ ገንዘቡን ከጨርቅ ጥቅል አውጥቶ የሰጣችሁ አምኖ ነው።

ይህን ስናገር ሁልጊዜ የሚነሣብኝ ጥያቄ አለ፦ «ለአንድ ሃይማኖት ተብሎ የአገር ሕግ ይለወጣል ወይ?» መልሴ የዓርብ ሰዓት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ዓርብ ቀን የምሳ ሰዓቱ ከ5፡30 እስከ 7፡30 መሆኑን የማያውቅ የለም። ጁምዓ የሚሰግደው ሰግዶ ይመለሳል፤ የማይሰግደው ባንክ ይደርሳል፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ያመጣል፣ ያርፋል። በዚያች ተጨማሪ ሰዓት ምክንያት አገር ሰልሟል ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ከወለድ ነፃ ሒሳብ የከፈተ ክርስቲያን ነጋዴም አውቃለሁ። ለአንዱ የተከፈተ በር ሌላውም ይገባበታል።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ፤ ወደ መጅሊስ።

የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በ1968 ተቋቋመ። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሐጅ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የመጅሊስ ጣጣ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሙስሊሙን ወክሎ ለመንግሥት ይናገራል ወይስ መንግሥትን ወክሎ ለሙስሊሙ? በየካቲት 1987 አንዋር መስጂድ ውስጥ ደም የፈሰሰው በዚሁ በመጅሊስ ውዝግብ ነው። በ2004 ደግሞ የአወሊያ ትምህርት ቤት ጉዳይ መጣ። አረብኛ መምህራን ተባረሩ፣ ተማሪዎች ተነሡ፣ ከዚያ በየዓርቡ ሕዝብ መሰብሰብ ጀመረ። ሥረ መሠረቱ ግን አል አሕባሽ የሚባለው አስተምህሮ በመንግሥት ድጋፍ በሥልጠና መልክ ለኢማሞች መሰጠቱ ነበር። የአስተምህሮው መሥራች ሸኽ ዓብዱላህ አል ሐረሪ የሐረር ልጅ ነበሩ፤ ቤይሩት ኖረው እዚያው በ2008 እ.ኤ.አ. አረፉ። ሰው በገዛ ፈቃዱ የእሳቸው ተከታይ ቢሆን መብቱ ነው። ሃይማኖትና መንግሥት ተለያይተዋል የሚል አንቀጽ 11 ያለው መንግሥት የትኛው እስልምና ትክክል እንደሆነ ሲመርጥ ግን አንቀጹን ራሱ ጣሰው።

17 አባላት ያሉት ኮሚቴ ተመረጠ። ጥያቄዎቹ ሦስት ነበሩ፦ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር፣ የመጅሊስ ምርጫ በመስጂድ ይካሄድ፣ አሕባሽ በግድ አይጫንብን። «ድምፃችን ይሰማ» የሚለው ስም ከዚህ ወጣ። ከእናንተ አብዛኞቹ ያን ጊዜ ሕፃን ነበራችሁና ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዋር መስጂድና ቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን መርካቶ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። ከጁምዓ በኋላ ያ ሁሉ ሺህ ሕዝብ ሳይጮህ ነጭ ጨርቅ ያውለበልባል። አንድ ቀን ቢጫ ካርድ ከፍ ያደርጋል፣ ሌላ ቀን እጁን አጣምሮ ዝም ብሎ ይቆማል። አንድም ድንጋይ ሳይወረወር ይበተናል። እንደዚያ ያለ ሥነ ሥርዓት በዕድሜዬ አላየሁም። አንድ ትልቅ ሕዝብ ቁጣውን በዝምታ ሲይዘው ከተማው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል።

መልሱ ምን ነበር? በሐምሌ 2004 የኮሚቴው አባላት ታሰሩ፣ በፀረ ሽብር አዋጁ ተከሰሱ። እስላማዊ መንግሥት ሊመሠርቱ ነው ተባለ፤ በመንግሥት ቴሌቪዥን ገና ፍርድ ሳይሰጥ ዘጋቢ ፊልም ተሠራባቸው። በ2007 ክረምት 18 ሰዎች ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፤ አቡበከር አሕመድ፣ አሕመዲን ጀበል፣ ያሲን ኑሩና ካሚል ሸምሱ 22 ዓመት። የጥያቄውን ዝርዝር ደግማችሁ ተመልከቱት። ትምህርት ቤት፣ ምርጫ፣ የሃይማኖት ነፃነትን የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27። ከእነዚህ ሦስት ነገሮች ውስጥ ኸሊፋ የት አለ? ሰዎቹ የያዙት ሕገ መንግሥቱን ነበር። የዜግነት ጥያቄን የሃይማኖት መንግሥት ጥያቄ ብሎ መጥራት ጠያቂውን ከዜግነት የማውጫ ሌላ መንገድ ነው፤ «የሚኖሩ» በሌላ ልብስ ተመለሰች።

የመጨረሻዎቹ በየካቲት 2010 ተፈቱ። ሚያዝያ 23 ቀን 2011 በአዲስ አበባ በተደረገ ጉባኤ ሱፊውም ሰለፊውም አንድ አዳራሽ ገብቶ ሐጅ ሙፍቲ ዑመር ኢድሪስ የሽግግሩ መሪ ሆኑ። በ2012 ደግሞ መጅሊስ በአዋጅ ቁጥር 1207 የሕግ ሰውነት አገኘ። ያዙልኝ ያልኳችሁን ዓመት አስታውሱ፦ 1952። «ልዩ ሕግ ይወጣላቸዋል» የተባለው ለሙስሊሙ የወጣው በ60 ዓመቱ ነው። አዋጁ የታተመበትን ነጋሪት ጋዜጣ አትሜ ደሴ አባቴ መቃብር ዘንድ ይዤ ሄድኩ። ፋቲሓ ቀራሁና ቁጥሩን ድምፄን አውጥቼ ነገርኩት።

ሁሉም ተስተካከለ አላልኩም። በታህሳስ 2012 ሞጣ ላይ መስጂዶች ተቃጠሉ፤ መልሶ ለመሥራት ገንዘብ ካዋጡት መካከል ክርስቲያኖች ብዙ ነበሩ። በሚያዝያ 2014 ጎንደር ላይ የአንድ ሸኽ ቀብር በሚፈጸምበት ሰዓት፣ መካነ መቃብሩና ቤተ ክርስቲያኑ በሚዋሰኑበት ቦታ በተነሣ ጠብ ከ20 በላይ ሰው ሞተ። የእኛንም ወገን ሥራ ልደብቅ አልችልም። በ2003 በጅማ ዞን አሰንዳቦ አካባቢ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ሺዎች ተፈናቅለዋል፤ ያን ያደረጉት በእስልምና ስም የጮኹ ሰዎች ናቸው። ያኔ «እነሱ እኛን አይወክሉም» አልን። ልክ ነው፣ ግን የሞጣን መስጂድ ሊሠሩ እንደመጡት ክርስቲያኖች አሰንዳቦ ወርደን ያን ያህል ድንጋይ ተሸክመናል ወይ? እኔ አልተሸከምኩም።

አክሱምንም ላንሣ። ነጃሺ የነገሠባት ከተማ ናት፤ ዛሬ በውስጧ መስጂድ የለም። በ2017 በከተማዋ ሒጃብ የለበሱ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት አትገቡም ተብለው የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት እንዳስታወቀው 159 ተማሪዎች የብሔራዊ ፈተና ምዝገባ አለፋቸው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ የእግድ ትእዛዝም ወጣ። ልጆቹ የጠየቁት መማር ነው። እኔም ለአንድ መሥሪያ ቤት መታወቂያ ፎቶ ስነሣ «ጆሮሽ ይታይ» ተብዬ ሻሼን አውልቄ የተመለስኩበት ቀን አለ፤ ሕግ የማውቅ ሴት ነኝ፣ ግን በዚያ መስኮት ፊት አፌ ተያዘ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በትምህርት ቤት በር ላይ ቆማ ምን ትበል?

እስካሁን የተናገርኩት ሌላው በእኛ ላይ ስላደረገው ነው። ቀሪውን ጊዜ ግን እኛ በራሳችን ሰዎች ላይ ለምናደርገው ልሰጠው እፈልጋለሁ።

ሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን በ1992 አዋጅ ቁጥር 188 እንደገና ተደራጅተዋል፤ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ውርስ፣ ወቅፍ (ለበጎ ሥራ የተሰጠ ንብረት) የመሳሰለውን ያያሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ የተከራካሪዎች ፈቃድ። ቃዲዎቻችን ውስጥ በዕውቀታቸውም በርኅራኄያቸውም የማከብራቸው አሉ፤ ለስንት ሴት ኒካሕዋን፣ የጋብቻ ውሏን፣ አስከብረውላታል፣ ነፈቃዋን፣ ቀለቧን፣ አስቆርጠውላታል። ነገር ግን አዋጁ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበን ሰው እንደተስማማ ይቆጥረዋል። አንዲት ሴት በውርስ ቤት ክርክር «እኔ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት አልፈቀድኩም» ብላ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ተንከራትታ በ1996 በፌዴሬሽን ምክር ቤት ተረታላት። ውሳኔው እስልምናን የሚነካ አልነበረም፤ በሃይማኖት ማስገደድ የለም የሚለውን የቁርአን ቃል በአገር ሕግ የደገመ ነው ብዬ አምናለሁ። ያን ጊዜ ከእኛ ወገን ያቺን ሴት «ከዲን ወጣች» ያሉ ነበሩ። እሷም በገዛ ማኅበረሰቧ ውስጥ የምትኖር ሆነች።

ደግሞም መስጂድ አለ። በየሰፈሩ መስጂድ ሲሠራ ሴቱ ወርቁን ያዋጣል፣ እናቶች የጀማውን ምግብ ይሠራሉ። ሲያልቅ ለሴት የተተወውን ቦታ ሄዳችሁ እዩ። ፎቅ ላይ፣ በጠባብ ደረጃ፣ በጓሮ በር። ዉዱእ (ከሶላት በፊት መታጠብ) የምናደርግበት ቧንቧ የሌለበት መስጂድ በብዛት አለ። «ሴት ቤቷ መስገዷ ይሻላታል» የሚባለው ሐዲስ ይጠቀስልናል፤ «የአላህን ሴት ባሮች ከአላህ መስጂዶች አትከልክሉ» የሚለው ግን ሲጠቀስ የምሰማው ከስንት አንዴ ነው። ለመንግሥት «በአዳራሹ እኩል አስቀምጡን» ብለን የጮኽን ሰዎች በመስጂዳችን ውስጥ ግማሹን ሕዝብ ጓሮ ስናስቀምጥ ምን ይባላል? ወንድሞቼ፣ በተለይ በመስጂድ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ፣ ይህን የምለው ከቤት ሰው ቁጭት ነው።

እናቴ ሰማንያን አልፋለች። በነሐሴ 2017 የመጅሊስ ምርጫ በየመስጂዱ ሲካሄድ ሴቶች ይመርጣሉ መባሉን ሰምታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የልጅ ልጅ ደግፏት ሄደች። በ2004 ሰው የታሰረበት ጥያቄ እኮ ነው፤ ምርጫ በመስጂድ። የዚያን መስጂድ አዛን አምሳ ዓመት ሰምታለች፣ ለቆርቆሮው አዋጥታለች፣ ግቢውን የረገጠችው ግን ያን ቀን ነው። መረጠች፣ ጣቷን ቀለም ነክታ ወጣች። ከዚያ «እዚህ ድረስ መጥቼማ ሳልሰግድ አልመለስም» አለችና የሴቶቹን ቦታ ጠየቀች። ደረጃውን አሳዩዋት። ጉልበቷ ደረጃ አይወጣም። አስመራጩ ወጣት ትንሽ አሰበና የወንዶቹ አዳራሽ ባዶ ስለነበር በሩን ከፈተላት፤ መግባት አሳፈራት። ከደጃፉ፣ ጫማ ከሚደረደርበት አጠገብ፣ ነጠላዋን ምንጣፍ ላይ አንጥፋ ሁለት ረከዓ ሰገደች።